የማይደረቡ ሁለት ነገሮች

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 1978

ለወንድሜ ለሰማታር፣ ሞስኮ

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤህ ተከፍቶ ደረሰን፤ ለሚከፍተው ሰው እንዳይከብደው በአማርኛ መለስኩልህ። ከተማውም ሰላም ነው። የወታደር መኪኖች ወደ ከዚራ ሰፈር ከመጡበት ማክሰኞ ወዲህ ኳስ የሚጫወት ወጣት ስለሌለ ጸጥ ብሏል።

ገጹን ሁሉ በትምህርትህ ሞልተኸዋል። የሁለት ቅንጣቶች ሁኔታ ካልታወቀ፣ ሁለቱን ደርቦ አንድ የሚያደርግ መሣሪያ አይኖርም አልክ። ናና እናታችንን፣ ሆዮን እያት። ለታናሽህ ለዓዋሌ ምሳውን ከድና ታስቀምጣለች፤ በዚያው እጇ ተምር ይዛ የደቻቱን ወንዝ ትሻገርና ለሞተ ሰው እንደሚደረገው ሰደቃ ትሰጣለች። ለማን ነው ስላት ትቆጣኛለች። እኛ ቤት ተደርቧል ወንድሜ፤ መሣሪያችሁ ይቅርባችሁ።

መጨረሻ ላይ ደግሞ ዓዋሌ ለምን አይጽፍልኝም ብለህ ትቆጣለህ። ቁጣውን ለእኔ ተውልኝ።

ጊዜ ዞሮ ወደ ትናንት የሚመለስበት መንገድ እንዳለ ሒሳቡ ይፈቅዳል ብለሃል። መንገዱ ካለ ማብራሪያውን ለራስህ ያዘው። ሩቅ እንድትሄድም አልጠይቅህም። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ብቻ ቤታችን ግባና የዓዋሌን ጫማ ደብቅበት።

ሆዮ ለሁለታችሁም ዱዓ ታደርጋለች። አላህ ባላችሁበት ይጠብቃችሁ።

እህትህ ኢድል