ጀብሪል ያነሳው በረዶ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር 1966 ዓ.ም.

ልጄ ምናለ፣ የእናትህ ዱዓ ካለህበት ይድረስህ፤ በሰው አገር ደግ ሰው አይጥፋብህ። እኔ ደኅና ነኝ፤ አባትህም ከጉልበቱ በቀር ደኅና ነው። ካፖርትህን ሳትቆልፍ አትውጣ።

እዚያ አጠገባችሁ ካለው ሐይቅ የተነሳው በረዶ ቤታችሁን እስከ መስኮቱ ሲቀብረው አንስተህ የላክህልኝን ፎቶ ለጎረቤት ሁሉ አሳይቼ ነበር። ፎቶ አንሺው ጀብሪል ደጋግሞ አየው። በጥቅምት ለአጨዳ የደረሰውን ገብሳችንን በረዶ መትቶ ከአፈር ሲደባልቀው ካሜራውን ይዞ ወጣ። ነጭ የለበሰውን ማሳ፣ የሞቱትን በጎች፣ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ደሴ የሚሰደዱትን ገበሬዎች አነሳ።

እኔ «ይቅርብህ» ብለው፣ እሱ «እትዬ በለጡ፣ ልጅዎ የዚያን አገር በረዶ ካሳየን የእኛንስ ማን ያሳይልን?» አለኝ።

ፎቶዎቹን በሱቁ መስኮት ለጠፋቸው። ብዙም ሳይቆይ የማናውቃቸው ሰዎች በላንድሮቨር መጡና፣ «ረሃብ አለ ብሎ የሚያስወራው አንተ ነህ?» ብለው ወሰዱት። ሚስቱ ሩቂያ ደሴ ድረስ ሄዳ ብትጠይቅ፣ «እንዲህ የሚባል ሰው አልመጣም» አሏት። ገበሬው ግን አሁንም በደጃችን ያልፋል። ልጆቹ የሚያለቅሱበት አቅም እንኳ የላቸውም።

ይህን ደብዳቤ የምልክልህ በሰው እጅ ነው። በፖስታ የሚመጣው ተከፍቶ ነው የሚደርሰን፤ ስለዚህ ስትመልስ የጀብሪልን ስም አታንሳ፣ ስለ ጤናህ ብቻ ጻፍልኝ። ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ከእንግዲህ አዝመራው መልካም ነው ብዬ ብጽፍልህ፣ አትመነኝ ልጄ።

እናትህ በለጡ