ከበሩ የጀመርኩት ወለል

ጥቅምት 6

...«ትንሽ ቁራጭ ናት» ነበር ያለኝ ያኔ ቀዶ ሕክምናውን የሠራልኝ ዶክተር፣ በሁለት ጣቶቹ መሐል ምንም ሳይዝ እያሳየኝ። የጉልበትህ ልም አጥንት ተቀዷል፤ የተቀደደውን ቆርጠን እናወጣለን፤ ትሮጣለህ... መቼ ሮጬ አውቃለሁ? ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ሥራዬ መንበርከክ ነው።

ስድስት ዓመት ሆነው። ዛሬ ሁለት መታጠቢያ ቤት ጨረስን። ጉልበቴ አሸዋ እንደገባበት ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል።

ጥቅምት 11

ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ። እዚህ ጋ ክፍተት ነበር፤ አሁን የለም። አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው። ያቺ ቁራጭ ትራስ ነበረች ለካ...

«ከዛሬ ጀምሮ መንበርከክ የለም።»

«ቀኑን ሙሉ ነው የምንበረከከው።»

«ጸሎተኛ ነዎት?»

«ሴራሚክ አንጣፊ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው።

ለባለቤቴ «ቅባት አዘዘችልኝ» አልኳት። ለምን ዋሸሁ?

ጥቅምት 12

ካልተንበረከክኩ ምን ነኝ?

ጥቅምት 23

ወለል የሚነጠፈው ከዳር ግድግዳ ወደ በሩ ነው። እያነጠፍክ ወደ ኋላ ትወጣለህ። ይህን የማያውቅ የለም።

ዛሬ ገና በሩን አልፌ እንደተንበረከክኩ ጉልበቴ ተቆለፈ። ተነሥቶ ዳር መድረስ... ፈራሁ። ፊቴን ወደ በሩ እንዳዞርኩ ከዚያው ጀመርኩ። ምን እያሰብኩ? የነቃሁት ጀርባዬ ግድግዳ ሲነካ ነው።

የባለቤቴ ወንድም፣ ስሚንቶ የሚያቦካልኝ፣ ባልዲውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ በየት ልትወጣ ነው?»

«እስኪደርቅ እጠብቃለሁ።»

«እስከ ነገ? እንግዲህ ራትህን እወረውርልሃለሁ!» ሳቀ። «በል ረግጠህ ና፣ እናስተካክለዋለን።»

አልተንቀሳቀስኩም። አየኝ። ሳቁ ጠፋ።

«መነሣት አቃተህ እንዴ?»

ጫማውን አውልቆ እርጥቡን እየረገጠ መጣ። በብብቴ ገብቶ አነሣኝ። ከዚያ የተበላሸውን ሁሉ ነቅሎ ራሱ አነጠፈው። ባልዲው ላይ ተቀምጬ አየሁት። አንድም አልተዛነፈበት... ለዓመታት የስሚንቶ ማንኪያዬን የከለከልኩት ለምን ነበር?

ጥቅምት 24

ባለቤቴ ሰምታለች።

«ቅባቱስ?» አለች።

ኅዳር 2

የባለቤቴ ወንድም ጠዋት መጣ። የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዞ ሊወጣ ሲል ተመለሰ።

«ጋሼ... ጉልበትህ ላይ የምታስራቸውን ስፖንጆችስ? ልውሰዳቸው?»

ከወንበሬ ሳልነሣ አቀበልኩት። ቆሞ አሰራቸው። የግራው ሰፋው፤ በእኔ ልክ ጎድጉዷል።

«ስንት ክፍል ነው?»

«ሦስት። አንተ አታስብ።»

ባለቤቴ ምሳውን ሰጠችው። ደረጃው ድረስ ልትሸኘው አብራው ወጣች። በሩ ተዘጋ።