ሁለት ፌስታል በርበሬ

ሐምሌ 3፣ ጠዋት 2፡00
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ፍራንክፈርት ላለችው ገዢዬ የሚላከው በርበሬ ሸራ ላይ ፈሷል፤ አራት ኩንታል ዛላ። እትዬ ጥሩነሽና ሦስቱ ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው ይቀነጥሳሉ። ዛላው ከመድረቁ ብዛት እጅ ላይ ይሰባበራል፣ ፍሬው ይበተናል፣ ብናኙ ያፍናል። አንዷ እስክትታነቅ አሳላት። ውሃ እርጩበት አልኩ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ረጨት፣ ሸፈን፣ በማግስቱ ፍጭት። እትዬ ጥሩነሽ በጣሳ ረጩ፣ በጆንያ ሸፈኑ።

ደረጀ አርፍዶ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው። ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ጠፋ ይላል። የጆንያ ወስፌ ወረወርኩበት። ጆሮውን ለጥቂት ሳተው። ሳቀ። ሲስቅብኝ ነው ይበልጥ የሚብሰኝ።

ሐምሌ 8
መብራት የለም። አምስተኛ ቀን። ወፍጮው ሬሳ። የተረጨው ዛላ እንደተሸፈነ ነው። ገለጥ አድርጌ እጄን ከተትኩ፤ ውስጡ ሞቅ ብሏል። እርጥብ ግድግዳ ይሸታል። የክረምት ነገር ነው ብዬ መልሼ ሸፈንኩት።

ግቢ የገባ ውሻ በድንጋይ መታሁ። እያነከሰ ወጣ። አዘንኩ። ወዲያው ረሳሁት።

ሐምሌ 16
ሄደ። በአየር ጭነት። መብራቱ ሐምሌ 9 መጣ፣ ፈጨነው፣ አሸግነው። የጤና ምስክር ወረቀት አለ፣ በጀርመንኛ የታተመው መለያ አለ፣ የላቦራቶሪ ውጤት አለ። ለላቦራቶሪ የሰጠሁት ገና ሳንቀነጥስ ከሻጩ ከጋሽ ከድር ጆንያ የዘገንኩትን ነበር። አለፈ። ወንድሜ ደ. ከተፈጨው ሌላ ናሙና እንስጥ ብሎ ነበር። ሁለት ሳምንት ልትጨምርብኝ ነው ወይ ብዬ አፉን አስዘጋሁት።

ስማ ደብተር፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ሰባት ዓመት የሳሪስ ሱቆችን ለመንኩ። አሁን የኔ በርበሬ አውሮፕላን ላይ ነው።

ነሐሴ 2፣ ከሰዓት 9፡20
ወድቋል። እዚያው ድንበራቸው ላይ ናሙና ወስደው መረመሩ። አፍላቶክሲን ይላል፣ ከሻጋታ የሚወጣ መርዝ፣ ከሚፈቅዱት በላይ። ጭነቱ ይቃጠላል። ገዢዋ ጻፈች፤ አጭር ነው። መርዙ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደሚወገድ በአንድ ወር ውስጥ ከነማስረጃው ካላቀረብኩ በዚሁ ይበቃናል ትላለች።

የቀረውን መለያ ሙሉ ካርቶን ቀዳደድኩ። አልበቃኝም። የማሸጊያውን ማሽን በወንበር መታሁ። ወንበሩ ተሰበረ። ሴቶቹ ሸሽተው ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ ቆሙ፤ እትዬ ጥሩነሽ ብቻ ቀሩ። አላዩኝም፣ መሬት መሬት ያያሉ።

ጋሽ ከድር እርጥብ በርበሬ ነው የሸጠልኝ። ከላይ ደረቅ፣ ከሥር የበሰበሰ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ደ. የመጀመሪያው ናሙና እኮ የሳቸው ነበር፣ አልፏል ይላል። በጥፊ አልኩት።

ነሐሴ 3፣ ማታ 1፡00
ፖሊስ ጣቢያ ነኝ፤ ደብተሩን አልወሰዱብኝም።

ሳሪስ ሄድኩ። ጋሽ ከድር መጋዘናቸው በር ላይ ተቀምጠዋል። ከስልጤ መጥተው እዚህ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ከእናቴ ዘመን ጀምሮ በርበሬ የምንገዛው ከሳቸው ነው። ቁጭ በይ ልጄ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። መርዝ ሸጥክልኝ አልኩ። አንተ አልኳቸው፣ በሰባ ዓመታቸው። ጆንያ ከፍተው ዛላ አወጡ፣ ጆሮዬ ሥር ሰበሩት፣ ኮሽ አለ። እርጥብ እንዲህ ይላል ወይ አሉኝ። ረጋ ብለው። ያ መርጋታቸው ነው ያሳበደኝ። ሚዛኑ ላይ የሁለት ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ነበር። አነሳሁት።

ግራ ዓይናቸው ላይ ነው ያረፈው። ድምፁን ሰማሁት። ጆንያው ላይ ወደቁ፣ ደሙና በርበሬው አልለይ አለኝ። ደግሜ አነሳሁ። ደብተር፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ደግሜ አንስቼ ነበር። ልጃቸው በቡጢ አፌን ባይለኝ እጨርሳቸው ነበር። ሁለት ጥርስ ተፋሁ። የተሰበሰቡት ሰዎች ጸጉሬን ይዘው አስፋልት ድረስ ጎተቱኝ።

ነሐሴ 5
ሁለት ሌሊት ፖ/ጣቢያ። ደ. ዋስ ጠርቶ አስወጣኝ። ከንፈሬ ተሰፍቷል፣ በማንኪያ አጥሚት እውጣለሁ። የጋሽ ከድር ዓይን ይዳን አይዳን ሐኪሞቹ ገና አላወቅንም አሉ።

አልጸጸትም ብዬ ልጽፍ ነበር። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ።

ነሐሴ 7
ደ. ሳያስፈቅደኝ መጋዘናችን ገባ። ከዚያው ግዢ ያልተከፈተ አንድ ጆንያ ዛላ ቀርቷል፤ ከተፈጨውም ጥቂት ኪሎ። ከሁለቱም በፌስታል ቋጠረ። ይመርመሩ አለ፣ ገዢዋ ማስረጃ አይደል የምትፈልገው። ይመርመሩ፣ የሽማግሌው ነውር ይወጣል አልኩት። በገዛ እጄ ስም ጻፍኩባቸው። ዛላው ላይ ከድር፣ የተፈጨው ላይ የራሴን፣ ስንዱ።

እትዬ ጥሩነሽ ዛሬም አያዩኝም።

ነሐሴ 14
የሽማግሌዎች መልእክት መጣ። የጋሽ ከድር ግራ ዓይን ጠፍቷል። ከእንግዲህ አያይም።

እሳቸው የላኩልኝ ቃል ግን ሌላ ነው። በርበሬውን ክረምት አፍ ላይ ነው የሰበሰብኩት፣ ምን አውቃለሁ፣ ጥፋቱ ከኔ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ታሞበት እንዳይሆን እሰጋለሁ፣ አሉ። ለገዢዋ ጥፋቱ የኔ ነው ብለው ይፈርሙልኛል። የእናቴን ስም ጠርተው፣ ልጇን አላሳስርም፣ በእርቅ ይለቅ ብለዋል። ልጃቸው አልተዋጠለትም፤ ግን አባቱን እሺ ብሏል። እርቁ ነሐሴ 20 ነው፣ ሳሪስ፣ መጋዘናቸው በር ላይ።

በአንድ ፊርማ ገዢዬም ትመለሳለች፣ ክሱም ይቆማል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ነሐሴ 19፣ ከሰዓት 11፡00
ውጤቱ ወጣ። ከድር የሚለው ንጹሕ ነው። ስንዱ የሚለው የፍራንክፈርቱ መርዝ ራሱ።

ወረቀቱን ይዤ እትዬ ጥሩነሽ ፊት ቆምኩ። ገና ሳልጠይቃቸው ተናገሩ። ያን ቀን የረጨነው ነው፣ መብራት ጠፍቶ ስድስት ቀን ታፍኖ ከረመ፣ ሽታውን አውቄዋለሁ፣ እንዳልነግርሽ ፈራሁሽ አሉኝ። ፈራሁሽ። እናቴ በማግስቱ ትፈጭ ነበር፤ እኔ ግን አፍኜ አከረምኩት። እጄን ከትቼ ሙቀቱን አይቼ ሸፈንኩት። ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ፣ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ። እያለቀስኩ እንደነበር ያኔ አወቅኩ።

ምሽት 1፡30
ደ. ወረቀቱን ነጥቆኝ ሊያቃጥል ተነሳ። ይመርመሩ ያለው እሱ ነበር፤ አሁን ግን እኔን ማጣት ፈርቷል። ነገ ሽማግሌው ይፈርማሉ፣ ማን ያውቃል፣ ዝም በይ ይላል። ታገልን። ክንዴን ጠመዘዘ፣ እጁን ነከስኩ፣ ወፍጮው ብረት ላይ ገፈተረኝ፣ የተሰፋው ከንፈሬ ተተረተረ። ወረቀቱን አልለቀቅኩም። በመጨረሻ እሱ ደክሞት መሬት ተቀመጠና እንደ ልጅነቱ አለቀሰ። ልጃቸው እውነቱን ከሰማ እርቅ የለም፣ ትታሰሪያለሽ አለኝ። አውቃለሁ። ወደ ቂሊንጦ የሚያልፈውን የእስረኛ መኪና ከዚህ በር ላይ በየቀኑ አየዋለሁ።

እፈራለሁ፣ ደብተር። በጣም እፈራለሁ።

ነሐሴ 20፣ ንጋት 12፡10
ለገዢዋ ጻፍኩ። በርበሬውን እኔ አስረጨሁ፣ እኔ አፈንኩ፣ ሻጩ ጥፋት የለበትም። ሁለቱንም ውጤት አያይዤ ላኩ። ማስረጃ አይደል ያለችው። ከእንግዲህ ብትመጣም ብትቀርም የሷ ጉዳይ ነው።

ለደ. ወፍጮውን አስረከብኩ። አንድ ነገር ብቻ ግድግዳው ላይ በከሰል ጻፍኩለት፤ ውሃ አይረጭም፣ ለአፍንጫ ጨርቅ ይታሰር።

አሁን ሳሪስ እሄዳለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይሰበሰቡ፣ ጋሽ ከድር እስክሪብቶ ሳያነሱ። ሁለቱን ፌስታልና ሁለቱን ወረቀት ይዣለሁ። በቀኝ ዓይናቸው እንዲያነቡት ፊደሉን አጉልቼ ገልብጬዋለሁ። ደግሜ ድንጋዩን ያነሳሁት ልጨርሳቸው እንደነበርም እነግራቸዋለሁ፤ ያንን ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ልጃቸው ፖሊስ ቢጠራ እዚያው በራቸው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።