የቢጫው ማደያ ሰልፍ

ሰኞ፣ ጥር 16። ረፋድ።

ቤንዚን ጨመረ። ሰማያዊው ማደያ ሰሌዳውን የቀየረው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። ቢጫው እስካሁን አልነካውም።

ማስታወሻዬ፣ የጋዜጣ ቤት ልማድ ስላልለቀቀኝ አዲሱን ነገር አስቀደምኩ። አሁን ቀሪውን ልንገርህ።

ተርሒሉን፣ የወር ኮንትራት ማመላለሱን፣ ጨርሼ ገባሁ። የወር ተሳፋሪዎቼ እንደ ሁልጊዜው ናቸው። መጀመሪያ ዘይነባ ከማዮ። ቀጥሎ ከጀብራ ወ/ሮ አልማዝና ሁለቱ እህትማማቾች። ከዚያ በቀጥታ ሥራቸው ወዳለበት ሰፈር፣ አል-ማንሺያ። አራት ሴቶች፣ አራት የሰው ቤት።

መንገድ ላይ ሌላ ወሬ የለም። ድሮ በዚህ በተሰደድንበት አገር ዋጋውን መንግሥት ይቆርጥ ነበር፣ ሰውም የሚረግመው አንድ አካል ነበረው። አሁን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ይቆርጣሉ። ውድድር ነው ይላሉ። ሁለቱ ማደያዎች ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚለያቸው አስፋልቱ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ዝም ይላል። ሰዉ ሁሉ ወደሱ ከተሻገረለት በኋላ እሱም ይጨምራል። ያኔ የመጀመሪያው ጥቂት ይቀንሳል፣ እኛም ተመልሰን እንሻገራለን።

ወ/ሮ አልማዝ የሰማያዊው ሠራተኞች ባዶ ማደያ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ አየች። እነዚህ ደመወዝ የሚበሉት ለሻይ ነው እንዴ አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ዘይነባ አልሳቀችም። ጠየቀችኝ፦ ቤንዚን እንዲህ ከሆነ ማዮ ይቀራል ወይ?

ጥያቄው ይገባኛል። የማዮ መንገድ አፈር ነው፣ ሩቅ ነው፣ ከዚያ የምትሳፈረው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ሾፌሮች ማዮን ከተዉ ቆዩ።

አይቀርም አልኳት። ሳላስብ ነው ያልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 17። ከሰዓት።

ቢጫው ዛሬም አልጨመረም። ሰልፉ እስከ መስጊዱ ጥግ ደርሷል።

ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልህ፤ መሪው ላይ አስደግፌህ። ከፊቴ ሐጅ ዑስማን አለ። እንደኔው አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ሚኒባስ ይነዳል፣ ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ አፉ አያርፍም። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ይጮኽብኛል፦ «ያ ሐበሺ! እናንተ ጾም ለምዳችኋል፤ መኪናህንም አስጹማት እንጂ!» እሷ ከኔ በፊት ጀምራለች አልኩት። ከኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

የሰልፉ ሕግ አንድ ነው፦ ክፍተት አትስጥ። የመኪናህ አፍንጫ የፊተኛው ጀርባ ላይ ይለጠፍ። ጥቂት ከለቀቅህ አንድ ነጭ መኪና ከጎን ይሰነቀርና ከኋላህ ያለው ሕዝብ አንተን ነው የሚሰድበው። እኔም እለጥፋለሁ። ጎበዝ ሆኛለሁ። ዛሬ አንዱ ሊገባ ሲሞክር ዘጋሁት፣ ሐጅ ዑስማንም ከፊት አጨበጨበልኝ።

የነገ ሐሳቤ ይኸው፦ ሌሊት ወጥቼ ሰልፉ ሳይረዝም እሞላለሁ፣ ከዚያ ማዮ። ተርሒሉም አይጎዳም፣ ቤንዚኑም በርካሽ።

ረቡዕ፣ ጥር 18። ከሰዓት።

ዘይነባ ዛሬ ሥራዋ ላይ የደረሰችው በጣም አርፍዳ ነው። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ አለዚያ ለራሴ ማድላቴ አይቀርም።

ቢጫው ጋ ስደርስ ሰልፉ አጭር ነበር። ገባሁ። ከኋላዬ ወዲያው ተለጠፉብኝ። በግራ የመስጊዱ አጥር፣ በቀኝ ሁለተኛው መስመር። ተራዬ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ እንቢ አለ። አሁን ይነሣል ተባለ። ሁላችንም ጠበቅን።

የማዮ ሰዓት ደረሰ። ዘይነባ ደወለች። ደረስኩ አልኳት። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ይላል። ጥቂት ቆይታ ደግማ ደወለች፤ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከፊቷ ቆሟል፣ ልሳፈር ወይ አለችኝ። ሁለት አውቶቡስ መቀየር አለባት፣ ከዚያም ረጅም የእግር መንገድ አለ፤ ቢሆንም ያደርሳት ነበር። ቁሚ፣ መጣሁ አልኳት። ሠራተኛው ጄኔሬተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አይቼዋለሁ፤ የሚነሣ መስሎኝ ነበር።

አልተነሣም። ልውጣ ብዬ ጥሩምባ ነፋሁ። ከፊቴ ያለው አልተንቀሳቀሰም። ከኋላዬ ያለው ወጣት እጁን በመስኮት አውጥቶ ወዴት ልሂድልህ አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ትናንት ለማንም አልከፈትኩም።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ መብራት መጣ። ተራዬ ሲደርስ አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የሰሌዳውን ቁጥር ይቀይራል። ቢጫው ከሰማያዊው ጋር እኩል ሆነ። በአዲሱ ዋጋ ሞላሁ።

ማዮ ስደርስ ዘይነባ ዘወትር በምትሳፈርበት መድኃኒት ቤት ጥግ እዚያው ቆማ ነበር። ገብታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች። ወ/ሮ አልማዝና እህትማማቾቹ በአውቶቡስ ሄደዋል። ለእነሱ ቅርብ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 19። ማታ።

የዘይነባ ቀጣሪ ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ እዚያው እንድታድር ጠየቀቻት። ካልሆነ ሌላ ሰው ትይዛለች።

ቀጣሪዋ መ/ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ ሁላችንም በአክብሮት ኡስታዛ ነው የምንላት። አሮጊት እናት አለቻት፤ ሐቦባ፣ አያቴ እንደ ማለት፣ ይሏታል፣ ብቻዋን አትነሣም። ዘይነባ ስትገባ ኡስታዛ ትወጣለች። ትናንት ዘይነባ በሰዓቱ አልገባችም፣ ኡስታዛም በሰዓቱ አልወጣችም። ስብሰባ ነበረባት።

ዘይነባ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም። ማዮ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት፣ ፈቲያ። ጠዋት ለጎረቤት ሰጥታት ትወጣለች፣ ማታ ትወስዳታለች። እዚያ ካደረች ልጅቷን የምታገኛት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ወሎ ለእናቷ እንዳትሰዳት ደግሞ መንገዱ ለልጅ አያስተማምንም።

አልወቀሰችኝም። የአላህ ሥራ ነው አለች። መስማት የፈለግሁት ስድብ ነበር።

ስድቡ ከወ/ሮ አልማዝ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ ቆመሽ ጠብቂኝ ያልካት በምን አፍህ ነው? ከሰልፍ መውጣት እንደማትችል እያየህ!» እህትማማቾቹ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። 

ቅዳሜ፣ ጥር 21። ከሰዓት።

አል-ማንሺያ ሄጄ ኡስታዛን አነጋገርኩ። ውሳኔውን መልሳ ለኔው ሰጠችኝ።

ሌላ ዓይነት ሰው ጠብቄ ነበር። በሩን ራሷ ከፈተች። ወንበር አወጣችልኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠችኝ። ሐቦባ ከበረንዳው ማን ነው ትላለች። ጥፋቱ የዘይነባ አይደለም፣ የኔ ነው አልኳት ኡስታዛን። እንደሆነው ነገርኳት፤ ጄኔሬተሩን፣ አጥሩን፣ ከኋላዬ የተለጠፈውን ወጣት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ያንኑ ማደያ እንደምታውቀው ነገረችኝ። እሷም መኪና አላት፣ እሷም ተሰልፋለች፣ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ተሻግራለች። አለቃዋ ግን ሰልፍ የሚባል ምክንያት አይቀበልም። ዘይነባን ሐቦባ ትወዳታለች፤ ሌላ ሰው መያዝ አትፈልግም። ግን እናቷን ብቻዋን ትታ መውጣት አትችልም።

በየቀኑ በሰዓቱ አደርሳታለሁ ካልክ ይበቃኛል፣ ማደሩ ይቅር አለችኝ። አፌ ላይ የመጣው ኢንሻአላህ ነበር፤ አልኩትም። ሳቀች። የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ያ አሚ፣ አጎቴ፣ ኢንሻአላህን እኔም አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው እሺ ወይም አይሆንም ነው።» እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ሰጠችኝ።

እዚያው እሺ ማለት ነበረብኝ? አላልኩም። ረቡዕ ዕለት ደረስኩ እያልኩ አንዲት ሴት አስቁሜአለሁ። እንደዚያ ያለ ቃል ደግሜ ማውጣት ፈራሁ። ከበሩ ስወጣ ግን ፍርሃቴ ለማን እንደጠቀመ ጠፋኝ። ለዘይነባ አልጠቀመም።

ማክሰኞ፣ ጥር 24። ማታ።

ሰማያዊው ከእሑድ ጀምሮ ጥቂት ቀነሰ። ቢጫው ባዶ ሆነ። አሁን ሻይ የሚጠጡት የቢጫው ናቸው።

አልተሻገርኩም። ከእሑድ ጀምሮ የምሞላው ሰልፍ በሌለበት፣ ውዱ ጋ ነው። በሦስቱም ቀን በሰዓቱ ደረስን። ሐጅ ዑስማን ከሰልፉ መሃል ሲያየኝ ሌባ ጣቱን ግንባሩ ላይ አዙሮ አበደ አለ። ሀብታሙ ሐበሺ፣ ዘይቱንም በሽቶ ለውጥ እንጂ አለኝ።

እንዲህ አንድ ሳምንት እችላለሁ። ወር ግን አልችልም፤ ጎማዎቹ አልቀዋል፣ ለረጅም ጊዜ አይሸከሙኝም። ለኡስታዛ እሺ የምለው ኪራዩ በአራቱም ላይ ከፍ ካለ ነው። ዘይነባ ብቻዋን ልክፈል ብትል ደመወዟ አይበቃትም። እህትማማቾቹ ደግሞ ከጀብራ አውቶቡስ አላቸው። እነሱ ከወረዱ ተርሒሉ አበቃ፤ ወ/ሮ አልማዝም አብራ ትቀራለች።

ዘይነባ ትናንት ፈቲያን ጎረቤት አሳድራት ነበር። ለመልመጃ። ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ ነገረችን። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ ደስ ብሏት ነው ያደረችው፤ ጎረቤቷ ቴሌቪዥን አላት። ወ/ሮ አልማዝ እንዲህ ከሆነማ ጥሩ ነው አለቻት። ዘይነባ አዎ ጥሩ ነው አለች፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። 

ያን አውቶቡስ ተሳፈሪ ብላት ኖሮ። ማስታወሻዬ፣ ከዚህ ሌላ የማስበው የለም። ቤንዚኑ ይጨምር ነበር፤ እሱ በኔ እጅ አይደለም። ተሳፈሪ ማለቱ ግን በኔ እጅ ነበር።

ዓርብ፣ ጥር 27። ማታ።

ነገ ሁለቱም ማደያዎች ዋጋ ይቀይራሉ ይባላል። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ዕረፍት ስለሆነ ሁላችንም ጀብራ ወ/ሮ አልማዝ ቤት ተሰበሰብን። እኔ ነኝ የጠራሁት። ነገሩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው፦ ውዱ ጋ እንደምሞላ፣ ሰልፍ እንደማልገባ፣ ኪራዩ እንደሚጨምር፣ ለምን እንደሚጨምር። ማዮንም በስሙ ጠራሁት፤ የነገሩ ግማሽ እሱ ነው።

ወ/ሮ አልማዝ ወዲያው እሺ አለች። ከእኔ ጋር ገና አልታረቀችም፤ እሺ ያለችው ለዘይነባ ነው፣ ይህንንም ፊት ለፊት ነገረችኝ። ከእህትማማቾቹ ታላቋ ሰዓዳ ግን ተቆጣች። ለማዮ አፈር እኛ የምንከፍለው ለምንድን ነው? እኛም የምንልክላቸው አሉን፣ እኛስ ልጅ የለንም ወይ? ክፋት አይደለም። የሷም ልጆች ከሚሴ ናቸው፣ ካየቻቸው ዓመታት አልፈዋል። ታናሿ እጇን ይዛ ተይ አለቻት። ዘይነባ ሰዓዳ ልክ ናት አለች፤ በኔ ምክንያት ማንም እንዳይጎዳ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ እዚያው አድራለሁ። ያኔ ሰዓዳ ይበልጥ ተናደደች። «ማን ሂጂ አለሽ? ላስብ ነው ያልኩት!»

እህትማማቾቹ ጠዋት መልስ እንሰጣለን ብለዋል። የነገውን ሰሌዳ አይተው ነው የሚወስኑት።

ስወጣ ዘይነባ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። ጋሼ፣ ነገ አመሻሽ ማዮ ና አለችኝ። ዕቃዋ ብዙ አይደለም፤ አንድ ሻንጣና የምትተኛበት ፍራሽ። ኡስታዛ ጋ የሚያደርሳት ሌላ ሾፌር እንዲሆን አትፈልግም። የሚጫን ከሌለም ና፣ ከፈቲያ ጋር ራት ትበላለህ አለችኝ።

እመጣለሁ አልኳት። ይህን አስቤበት ነው ያልኩት።

ነገ ጠዋት የእህትማማቾቹ መልስ። አራት ሰዓት ላይ የኡስታዛ በር። አመሻሽ ማዮ፣ ወይ ለሻንጣው፣ ወይ ለራቱ።