የምሰሶው ጊታርና የመክሊት ትከሻ

እኔ በለጠ ሀብተ ሥላሴ፣ የላሊበላ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. በገዛ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ ትራስ ተደግፌ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። የታመመው ልቤ ነው፤ አእምሮዬ ደኅና ነው። ጸሐፊው «ለዚህ ምን ማስረጃ አለ?» ቢሉኝ ጊታሬን አስመጥቼ ስድስቱንም ክር በጆሮዬ ብቻ ቃኝቻለሁ። መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስም አድምጠው ቅኝቱ ልክ ነው ብለዋል። ከዚህ የበለጠ የሐኪም ወረቀት አላቀርብም።

ምስክሮቼ አራት ናቸው። አንዱ እኒሁ የገነተ ማርያሙ መሪጌታ ናቸው፤ ልጅ ሳለን አብረን ጾመ ድጓ ጀምረን እሳቸው ዘለቁ፣ እኔ አቋረጥኩ። ሁለተኛው የቆዳ ሠራተኛው ጣሃ ነው። ሦስተኛው ከብልባላ የመጣው አናጢ አዳም፣ አራተኛው ደግሞ ይህን ቃል የሚጽፉት፣ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የወጡት አቶ ውባንተ ናቸው። ለምስክር ማውረስ ኑዛዜ ያበላሻል ስለተባልኩ ለአራቱም ምንም አልተውኩም፤ እስከ ዛሬ ከቤቴ የበሉት ይበቃቸዋል።

ባለቤቴ ወለተ ሐና፣ ልጆቼ ሰሎሞንና መክሊት እዚሁ አሉ። እንዲሰሙ ፈቅጃለሁ። እንዲናገሩ አልፈቀድኩም ነበር፤ ነገር ግን ተናግረዋል።

አንደኛ። ይህ ቤት ከነዕቃው የወለተ ሐና ነው። ምክንያት አልሰጥበትም። ልጆቼ እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ የሚያፈስ ቆርቆሮ ከማደስ በቀር እጃቸውን አያስገቡበት። ዕዳ የለብኝም። አለብህ የሚል ቢመጣ ወለተ ሐና ታነጋግረው፤ ሁለተኛ አይመጣም።

ሁለተኛ። ድምፅ ማጉያው ከባንድ ጋር በሆቴል ጊታር የምትጫወተው የመክሊት ነው። ሲከፍቱት መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ይህ ብልሽት ሳይሆን እርጅና ነውና ለጠጋኝ አይሰጥ። ታግሠው ሲጠብቁት ይተወዋል።

ሦስተኛ። የዋንዛውን ጊታር ለሰሎሞን ልጅ ለፅናት ሰጥቻለሁ። ሁለቱም ጊታሮቼ የኤሌክትሪክ ናቸው፣ አካላቸው ድፍን እንጨት ነው። ይህኛው ሲሠራ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። አካሉ ቀሎ አንገቱ ስለከበደ፣ አንግተውት ሲቆሙ አንገቱ ወደ መሬት ይዘቀዘቃል። የግራ እጅ ሥራ ክር መጫን ነው፤ አንገት ደግፎ ልያዝ ካለ ዜማው ይበላሻል። ይህን ለአዳም ብነግረው የአገሩ ሰው በአህያ ጭነት ላይ የሚያደርገውን አደረገ። ጭነት ሲያጋድል በቀለለው ወገን ድንጋይ ይጨመራል፤ አዳምም የጊታሩን ጅራት ፈልፍሎ አሮጌ ማረሻ ቀበረበት። አንገቱ ቀጥ አለ። ቀላሉም ጊታር ከከባዱ፣ ከምሰሶው ጊታር፣ እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። አዳም አሁንም እዚሁ ተቀምጦ «ጋሽ በለጠ፣ ከዚያ ወዲህ አጋድሏል እንዴ?» ይለኛል። አላጋደለም፤ አህያው ግን እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ማረሻው ይውጣ። ጣሃ ለልጅቱ ሰፊ ማንገቻ ይሥራላት፤ የቆዳው ሻካራ ጎን ወደ ውስጥ ይሁን። ሻካራው ልብስ ላይ ስለሚይዝ አንገቱ እንደ ልቡ አይወርድም።

አራተኛ። ከእናቴ ቤት ምሰሶ የተሠራውን ጊታር፣ ሳይቀነስለትና ሳይጨመርበት፣ እንዳለ ለልጄ ለመክሊት አውርሻለሁ።

ጸሐፊው እዚህ ሲደርሱ መክሊት ተነሥታ «አባባ፣ እኔ አልወስደውም» አለች። አቶ ውባንተ ብዕራቸውን አቆሙ። እኔም ጻፉት አልኩ፤ ኑዛዜ እውነቱን ካልያዘ ምን ያደርጋል?

የማያውቅ ሰው ይህን ወረቀት ቢያነበው እንዲገባው ልናገር። እናቴ የምትኖርበት ክብ የድንጋይ ቤት ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ነበር። ያ ሰፈር ሲነሣ ቤቱ ፈረሰ፤ ድንጋዩም ተበተነ። እኔ የመሐሉን ምሰሶ አንሥቼ ሄድኩ። ወይራ ነው፣ ጢስ ጠጥቶ የጠቆረ። አዳም ሰንጥቆ በኮላ ገጥሞ ጊታር አደረገልኝ። በእህል ሚዛን አስመዝነነው ስድስት ኪሎ ተጠግቷል።

ወይራ ክሩ ከተነካ በኋላ ድምፁን ቶሎ አይጥልም። አምባሰል ስጫወት መጨረሻ ላይ የማንጠለጥላት ድምፅ እስክታልቅ ወለተ ሐና ጓዳ ደርሳ ትመለስ ነበር። ዋንዛው ሲነኩት ፈጥኖ ይመልሳል፣ ንዝረቱ ጎድን ድረስ ይሰማል፣ ግን ፈጥኖ ዝም ይላል። ልዩነቱ ከእንጨቱ ይሁን ከክብደቱ፣ ወይስ አዳም ከገጠመበት መንገድ፣ አልምልበትም። በድምፅ ማጉያ ሲወጣማ የሆቴል እንግዳ አይለየውም። የሚለየው ተጫዋቹ ነው። ተጫዋች ደግሞ የተሰማውን ተከትሎ ስለሚጫወት መጨረሻው እንግዳው ጆሮ መድረሱ አይቀርም።

ለእኔ ከብዶኝ አያውቅም፤ ዛሬም ብነሣ አይከብደኝም። ትከሻዬ የአባቴ ነው። የመክሊት ግን የእናቷ ነው፣ ጠባብ። ወለተ ሐና ይህን ስትሰማ «ጠባቡ ትከሻ አይደለም እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን አንተን የተሸከመ!» ብላለች። አቶ ውባንተ «ይህ ለኑዛዜ አይሆንም» ቢሉም እንዲገባ አዝዣለሁ።

መክሊት እንዲህ አለች፦ «ቆሜ ግማሽ ሰዓት ካነገትኩት ክንዴ ይደነዝዛል። ጣቴ ክሩን ይንካ አይንካ አላውቀውም። ሆቴሉን ለገና እንዳትጠብቁኝ ብያቸዋለሁ። ሙያውንም ልተወው ነው፣ አባባ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ልቤን ከታመምኩት ይልቅ ይህ አመመኝ።

ሰሎሞን አስጎብኚ ነውና ለዕቃ አክብሮት አለው። «ካልወሰደችው እኔ ቤት ይሰቀል» አለ። እኔም ጊታር ሥዕል አይደለም አልኩት። አዳም ጀርባውን ማሳሳት እንደሚቻል ቢናገር ሰሎሞን ቱግ አለ። «የአያቴ ምሰሶ ነው! ከዚያ ቤት የተረፈን እሱ ብቻ ነው። መጋዝ አይነካውም!» አለ። እውነቱን ነው። እናቴ ከገበያ ስትመለስ ያን ምሰሶ ተደግፋ ነበር የምታርፈው። እኔም እስከ ዛሬ ያላስነካሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለቱንም ዝም አሰኝቼ መክሊት አንግታ ቆማ አምባሰል እንድትጫወት አዘዝኳት። ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያው ደኅና ነበር፤ የኔን እጅ ሰማሁበት። ኋላ ላይ ግን የምትንጠለጠለው ድምፅ ጋ ስትደርስ ገና ብዙ ዕድሜ ሳላት ለቀቀቻት። ድገሚ አልኳት፤ ደግማም ለቀቀቻት። ቀጥሎ ተቀመጪ፣ ጭንሽ ላይ አስደግፊው አልኩ። ያችው ልጅ፣ ያው እንጨት፣ ያው ክር ነው። ድምፅዋ እስከ መጨረሻዋ ሄደች። መሪጌታ ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አየሁ፤ ዓይኔን ገልጬ ነበር።

ሰሎሞን «ታዲያ ተቀምጣ ትጫወታ!» አለ።

«እኔ ተቀምጬ ማን ለእስክስታ ሊነሣ ነው?» አለችው። ይህም እውነት ነው። የባንዱ ተጫዋች የተቀመጠ እንደሆነ እንግዳው ሹካውን አይጥልም።

ከዚህ በኋላ መሪጌታ ተናገሩ። «በለጠ፣ አንተም ታውቀዋለህ። በማኅሌት ከበሮን አንድ ሰው ብቻውን ይዞ አያነጋም። የደከመው ላልደከመው ያቀብላል። ከበሮው ክብደቱ ሳይቀነስ የኖረው ለዚህ ነው። ይህች ልጅ ስትደክም ለማን ታቀብል?»

የምታቀብለው ሰው የላትም። ስለዚህ ጸሐፊው አራተኛውን አንቀጽ ይሠርዙትና በቦታው የሚከተለው ይግባ።

አራተኛ፣ እንደገና። የምሰሶው ጊታር የመክሊት ነው፤ ጀርባው ግን ይቀነሳል። አዳም ሲሶውን ያህል ከኋላ ይቁረጥ። በመላጊያ እንዳይሆን! መላጊያ ምሰሶውን ፍቅፋቂ አድርጎ ያስቀረዋል። በመጋዝ፣ ከጅራት እስከ አንገቱ ሥር፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይውጣ። ፊቱን እንዳይነካው፤ እጄ ሲያሻሽ የተወው ምልክት ያለው እዚያ ነው። የጎድን አጥንት የሚያርፍበት ጠርዝ ይድቦልቦል። ውፍረቱ ሲቀንስ የአንገቱ ብሎኖች ወጥተው እንዳይወጉ ያሳጥራቸው። አካሉ ሲቀል አንገቱ ሊዘቀዘቅ ቢሞክር ማንገቻው የሚታሰርበትን ጉጥ ወደ አንገቱ ማስጠጋት ነው እንጂ፣ አዳም ይስማኝ፣ ማረሻ የለም።

አዳም «ድምፁ ቢጎድልስ፣ ጋሼ?» ብሎ ጠይቋል። ይጎድል ይሆናል። ከወይራው የሚጎድለው ግን ከደነዘዘ ክንድ ከሚጎድለው ያንሳል፤ ይህን አሁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክብደት ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። ትንሽ ሸክም ያለው ጊታር ደረት ላይ ይረጋል፣ እጅም ይተማመንበታል። የሚበቃው ግን በባለትከሻው ነው የሚለካው። እኔ የራሴን ለክቼ ነበር፤ አሁን የእሷ ተራ ነው።

አምስተኛ። ከጊታሩ የሚቆረጠው ጀርባ የሰሎሞን ነው። ምሰሶውን የፈለገ እሱ ነው፤ ምሰሶው ይድረሰው። እህቱ ድምፁን ትውሰድ፣ እሱ ክብደቱን ይውሰድ። ከቤቱ በር በላይ በምስማር ቢመታው ደስ ይለኛል። እንጨቱም ከቤት የወጣ ነውና ወደ ቤት ይመለሳል። ለእንግዳም ያሳየው፤ ነገር ግን ዕድሜው ይህን ያህል መቶ ዓመት ነው እያለ እንዳይቀጥፍ።

ስድስተኛ። ምክሬ አጭር ነው። ሰሎሞን ሆይ፣ እህትህን ስትጫወት ሄደህ ስማት፤ በሆቴሉ በር ሁልጊዜ እንግዳ ይዘህ ታልፋለህ እንጂ አትገባም። መክሊት ሆይ፣ ሲያምሽ ተናገሪ። እናንተ የኔ ልጆች ሸክምን ዝም ብሎ መቻል ጨዋነት ይመስላችኋል። ለቅሶዬ ላይ ስለ ጊታሩ ክርክር እንዳይነሣ። ደረቱን የሚመታም አይኑር፤ እወዳችኋለሁ፤ ይህን በሕይወት ሳለሁ ስለነገርኳችሁ ይበቃል።

ሰባተኛ። አቶ ውባንተ ኑዛዜ የሚፈጸመው ተናዛዡ ካረፈ በኋላ ነው ብለው አስረድተውኛል። ሌላው ሁሉ እንዲያ ይሁን። አራተኛው ግን ሞቴን አይጠብቅም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ አዳም ከገበያ መልስ መጋዙን ይዞ ይምጣ። ያች ድምፅ መክሊት ቆማ ሳለ እስከ መጨረሻዋ ስትሄድ ልሰማት እፈልጋለሁ። የገና ጉዳይም ከዚያ በኋላ ይወሰናል።

ይህ ቃል በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነቦልኝ፣ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ በለጠ ሀብተ ሥላሴ

ምስክሮች፦ መሪጌታ ወልደ ጊዮርጊስ፤ ጣሃ፤ አዳም፤ ጽፌ ያነበብኩና የመሰከርኩ ውባንተ

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ። አናጢው አዳም መጋዙን ሲስብ ሌላ ሰው እንጨቱን አጥብቆ ሊይዝለት እንደሚገባ ተናግሯል። ተናዛዡ ማን እንዲይዝ አላዘዙም። ሰሎሞን በለጠ «እኔ እይዘዋለሁ» ብሏል። ተናዛዡ «ይህም ይጻፍ» ስላሉ ተጽፏል።