ወባ አይደለም፤ ስኳር ነው

ለልጄ ለሚልክያስ ጦና፣
ደቡብ አፍሪካ

እንደምን ሰነበትክ ልጄ? ጉልበትህ፣ ዓይንህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ብርድ ከብዷል ሲሉ ሰምታ እናትህ ቦሼ ጋቢ የምትልክበትን ሰው ስታፈላልግ ሰንብታለች። ባለቤትህ መሲስ ደህና ናት? ትንሹ ባሮክ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይ? ሱቅህን ክፉ ሰው አይየው። እኛ በሕይወት አለን። ዝናቡ ጥሩ ጥሏል፣ እንሰቱ ለምልሟል፣ ቀይዋ ላም ወልዳለች። ደህና ነን ብዬ ልዝጋው ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በዚህ ቤት ከበቂ በላይ ተወርቷል። ተቆጥቻለሁ፣ ሚልክያስ። የተቆጣሁትም በአንተ ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ኔትወርክ ተበላሸ እያልክ ስለምትዘጋብኝ ነው። ወረቀት አይዘጋም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ በወላይትኛ እናገራለሁ፣ ጎረቤታችን መምህር ወልደመስቀል በአማርኛ ያሰፍረዋል። ይህቺን ቃል ትንሽ እናለዝባት ወይ ይለኛል። አትለዝብም፣ እንዳልኩህ ጻፍ ብዬዋለሁ። እህትህ አሳየሽ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። እግረ መንገዷን ታንብበው፤ እሷንም ይመለከታታል።

ነገሩ የልጅህ የብሩክታይት ነው። እናቷ ስትሞት ለእኔና ለቦሼ ትተሃት ሄድክ፤ በዚህ አልወቀስኩህም። ስኳር በሽታ ከያዛት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ፍሪጅ ስለሌለን ቦሼ መድኃኒቷን በሸክላ ማሰሮ፣ በእርጥብ አሸዋ መሃል አድርጋ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ታኖርላታለች፤ አሸዋው እንዳይደርቅ እንደ አራስ ልጅ ትጠብቀዋለች። ይህን አልከለከልክም። የከለከልከው ሰው እንዳያይ ነው። እንግዳ ፊት መርፌ አትወጋ አልክ። ዘራቸው በሽታ አለበት ይባላል፣ የሚያገባት ይጠፋል አልክ። ገና በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለማን ልትድራት ነው የቸኮልከው?

ባለፈው ጊፋታ የሆነውን አሳየሽ ወባ ጣላት ብላ ነግራሃለች። ወባ አይደለም። የአዲስ ዓመታችን ገበታ ቀርቧል፣ የእንሰቱ ሙቹዋ በቅቤ ርሷል፣ ሥጋው ተቆርጧል፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ልጅቷ ሰው እንዳያያት ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ገብታ መርፌዋን ተወጋች። ይህ መርፌ ደግሞ ከተወጉት በኋላ ሳይቆዩ መብላት ይፈልጋል። ስትመለስ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ እንግዳው ሲነሣ ትበላለች ተብሎ ጓዳ ቆመች። እዚያው ተንቀጥቅጣ ወደቀች። ላቧ ቀሚሷን አርሶት ነበር። ቦሼ ማር በጣቷ እየጠቀሰች ድዷን ቀብታላት ነው ነፍስ የዘራችው። የልጄ ልጅ፣ በእኔ ቤት፣ ሥጋና ቅቤ በተረፈበት ቀን፣ ምግብ አጥታ ልትሞት ነበር። ይህንንም ወባ አላችሁት።

ክረምቱ ሲገባ ሶዶ ውስጥ ስኳር ላለባቸው ልጆች ካምፕ ይደረጋል ተባለ። ተማሪ በሌለበት ጊዜ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለ የትምህርት ቤት ግቢ ልጆቹ አብረው ያድራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ሕመማቸውን እንዴት እንደሚይዙት ይማራሉ፤ ነርሶችም ከጎናቸው አይለዩም። ብሩክታይት ልብሷን አጥባ አጣጥፋ ጠበቀች። አንተ ግን አሳየሽ ጋ ደውለህ ወባ ይዟታል በያቸው አልካት። አለቻቸውም። እኔ ይህን የሰማሁት ቦዲቲ ገበያ ነው። ልጅቷን የምትከታተላት ሲስተር እታፈራሁ ገብስ ስትገዛ አገኘችኝና፣ አባባ፣ የብሩክታይት ወባ ለቀቃት ወይ አለችኝ። የምን ወባ አልኳት። ሰው ይሰማል። ሽማግሌ የገዛ ቤቱን ውሸት ገበያ መሃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሶዶ ስንደርስ ባለባጃጁ ወዴት ልውሰዳችሁ ቢለኝ፣ ስኳር ያለባቸው ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ አልኩት፣ ጮክ ብዬ። ብሩክታይት ጋቢዬን ጎተተችኝ። ደግሜ ነገርኩት።

በካምፑ የመጨረሻ ቀን ቤተሰብ ይምጣ ተብሎ ሄድኩ። ምሳ ሊቀርብ ሲል ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተርታ ተቀመጡ። ጣታቸውን ወጋ ወጋ አድርገው ስኳራቸውን ለኩ፤ ከዚያ ሁሉም መርፌውን አወጣ። አንዱ ሆዱን፣ አንዱ ጭኑን፣ እየተቀላለዱ። ከዱቦ የመጣች አንዲት ልጅ ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች። ብሩክታይት አጠገቧ ተቀምጣ፣ ጉንዳን ናት የኔ እህት፣ ነክሳሽ ትሄዳለች ብላ አሳቀቻት። ይህቺ እንግዲህ ከእንሰት ሥር ተደብቃ የምትወጋዋ ልጅ ናት። ከምሳ በኋላ ገመድ ጉተታ ገጠሙ። የእነ ብሩክታይት ወገን አሸንፎ ሁሉም ጭቃ ላይ ተዘረረ። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል።

ደስታዬን ሳልጨርስ አንዲት ሌላ ነርስ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ልጅዎን ነፍስ ይማር፣ አባባ። ብሩክታይት ነግራናለች» አለችኝ።

የትኛውን ልጄን? አንተን ነው። ሞተሃል፣ ሚልክያስ። ልጅህ አባቴ ሞቷል ብላ ለሁሉም ተናግራለች፤ ሴትዮዋ ከልቧ አዝናልሃለች።

መንገድ ላይ አላነሣሁባትም። ቤት ገብተን ለምን እንዲህ አልሽ አልኳት። አላለቀሰችም። «እሱ እኔን ደበቀኝ፣ አባባ። እኔ ደግሞ ቀበርኩት» አለችኝ። መምህር ወልደመስቀል እዚህ ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር፤ ቀጥል አልኩት።

እንግዲህ ስማኝ። ስኳር ስርቆት አይደለም። ከማንም ጎተራ ገብታ አልወሰደችም፤ በገዛ አካሏ የመጣ ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው፣ እሷም ከእኔና ካንተ ይበልጥ አውቃ ይዛዋለች። የከፋው በሽታ የእናንተ እፍረት ነው። በሚቀጥለው ክረምትም ካምፑ አለ ብለዋል፤ ትሄዳለች። ፈቃድ እየጠየቅሁህ አይደለም።

በመስከረም ጊፋታ ይገባል። በዚህ ቤት እኔ ሳልቆርስ ማንም እጁን እንደማይዘረጋ ታውቃለህ፤ አባቴም እንዲሁ ነበር። በዚህኛው ጊፋታ ብሩክታይት ከጎኔ ትቀመጣለች። መርፌዋን በዘመድ ሁሉ ፊት ትወጋለች፣ የመጀመሪያው ጉርሻም የእሷ ነው። እስከዚያ እኔ አልቆርስም። የሚያፍር ካለ ከቤቱ ይብላ። አንተም በዚያ ሰዓት ደውል። ስልኩን ገበታው ላይ አቆመዋለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ በስሟ ጥራትና፣ ልጄ ስኳርሽ እንዴት ዋለ በላት። ካልደወልክ ግን፣ ዘመድ ስላንተ ሲጠይቀኝ የልጅቷን ቃል አላስተባብልም።

እናትህ ቦሼ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ብርድ ላይ አትቁም ትላለች። አሳየሽ አንገቷን ደፍታም ቢሆን ሰላም ብላሃለች። መምህር ወልደመስቀል የእሱን ሰላምታ ከእኔ ቁጣ ለይተህ እንድትቀበለው ይለምንሃል። መሲን እንደ ራሴ ልጅ ሰላም በልልኝ፣ እሷ ላይ ቅያሜ የለኝም። ባሮክን ሳምልኝ፤ እህት እንዳለችውም ንገረው።

የብሩክታይትን ሰላምታ አላስጻፍኩም። እዚሁ ደጃፍ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ለአባትሽ ምን ልበልልሽ ብላት ቀና ሳትል መፈልፈሏን ቀጠለች። እሱን ራስህ ደውለህ ጠይቃት።

አባትህ ጦና
ቦዲቲ አጠገብ፣ ወላይታ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.