ስሙ የተሸፈነው ጥናት

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን
ከማስተማሪያ ክፍሌ፣ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ

ይድረስ ለአንድ ልጄ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አስቤ ብዕሩ እምቢ አለኝ። አንተማ ደህና ነህ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፍልህ፤ ፊደሉ ቢወላገድ በእርጅናዬ እንዳታሳብብ።

የማስተምረውን ታውቃለህ። የሕክምና ተማሪዎች የታተመ ጥናት እንዴት እንደሚመረመር፣ ያነበቡትን በበሽተኛ ላይ ከመሞከራቸው በፊት «ማስረጃው የታል?» እንዲሉ። በየሳምንቱ አንድ ጥናት እመርጣለሁ፤ የጸሐፊውን ስም በነጭ ፕላስተር ሸፍኜ አባዝቼ እሰጣቸዋለሁ፣ ስም አይተው እንዳይፈሩ ወይም እንዳያዳሉ። ዛሬ የሰጠኋቸው ያንተን ነው። ምን አቅብጦኝ! ሲያደንቁህ ሰምቼ፣ መጨረሻ ላይ ፕላስተሩን ልጬ «የእኔ ልጅ ነው» ልል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዬን ፈገግ ስል የጽዳት ሠራተኛዋ «ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?» ብላኛለች።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ፣ ክፍሉ «መርፌ» የሚላት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ መቶ ስድሳ የስኳር በሽተኞች፣ ሁሉም እግራቸው የቆሰለ። ስድስት ወር ሙሉ በየወሩ መጡ ይላል። አንድም የቀረ የለም?»

«የለም ይላል» አልኳት።

«አንዱ እንኳ ዘመድ አልሞተበትም? እኛ ራሳችን ከምሳ በኋላ ግማሻችን የለንም እኮ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅኩ፣ ሞኟ። ከኋላ አንዱ «ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የለካው» ሲል ልከላከልልህ ተነሳሁ። አጥኚው ቁስሉን ሁሉ በገዛ እጁ እንደለካ ተጽፏል ብዬ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ከነቀኑ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ቀኑን የሰማሁት ከአፌ ሲወጣ ነው።

ዳሌዬ የተሰበረበት ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ ከክሊኒክህ የአንድ ቀን መንገድ ርቀህ መጥተህ፣ ዘጠኝ ሳምንት ከአልጋዬ ሥር ፍራሽ ዘርግተህ ተኝተሃል። «ሥራህስ?» ስልህ «ሰው ተክቻለሁ እማዬ፣ አንቺ ብቻ ተነሺልኝ» አልከኝ። ማንን ነው የተካኸው? እስክሪብቶህን? «እናቴ ታማብኝ ይህን ያህሉን ሳልለካ ቀረሁ» ብለህ ብትጽፍ ማን ይገድልህ ነበር? ጥናቱ ጎዶሎ ይሆን ነበር፤ ጎዶሎ ጥናት ነውር እንደሌለው በልጅነትህ ራት ላይ ሳይቀር ነግሬሃለሁ። እኔስ ብሆን? ጽሑፉ የደረሰኝ ዕለት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ግን ስምህን አይቼ ነው ያነበብኩት።

ወረቀት ብቻ በሆነና በቀረ። እዚህ ሆስፒታላችን የቁስል ክፍሉ ኃላፊ፣ በየወሩ የታዩት ሁሉ ዳኑ የሚለውን ጥናትህን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ በየሳምንቱ ይመላለሱ የነበሩትን በሽተኞች «በወር አንዴ ይበቃችኋል» እያለ ይመልሳቸዋል። ባለፈው የአንድ ሹፌር እግር ተቆረጠ። ባንተ ምክንያት ነው አልልም፤ አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም ብዬ የማስተምረው እኔው ነኝ። አንተን ግን እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?

ሰዓቱ ሲያልቅ «መምህር፣ የማን ነው? ይላጥ!» ብለው ጮኹ። «በሚቀጥለው ማክሰኞ» አልኳቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ፕላስተሩን ሳልልጥ ሳሰናብታቸው የመጀመሪያዬ ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያልኩ ስንቱን ተማሪ አስፈራርቻለሁ፤ በገዛ ቤቴ ይነጋል ብዬ መች አሰብኩ።

እስከዚያ ላሳተመው መጽሔት ራስህ ጻፍ፤ ጥናቴን አንሱልኝ በል። ማዕረግህም ሥራህም ሊሄድ እንደሚችል አውቃለሁ። ለቁስል ክፍሉ ኃላፊ ይህን ደብዳቤ እንዳሸግኩ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ በሽተኛ ማክሰኞን አይጠብቅም። አንተ ካልጻፍክ እኔ እጽፋለሁ። «በምን አወቁ?» ቢሉኝ ያለኝ ማስረጃ አንድ ነው፦ ቁስል ለካሁ ባልክበት ቀን እኔን እያገላበጥክ ጀርባዬን ታጥበኝ ነበር።

እግዜር ቀጥ ያለ ልብ ይስጥህ። እጅህንም ይባርክልህ፤ የጻፈችውን ሳይሆን እኔን ያነሳችኝን።

ዛሬ ያለ ምርኩዝ የምትሄደው
እናትህ